ሁለቱም እጆቹ ለተያዙበት ሰው

በሁለት ክንዱ የተኛ ሕፃን ያቀፈ አባት እናስብ። በግራ እጁ ያሰረው ዘመናዊ ሰዓት ነዘረ፤ ሰው እየደወለ ነው። ጥሪውን ዝም ለማሰኘት ስክሪኑን በቀኝ እጁ ጣት መንካት ይኖርበታል፤ ቀኝ እጁ ደግሞ የሕፃኑን ራስ ደግፏል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል፦ ክንዱን ቀስ ብሎ ወደ ፊቱ ያስጠጋና ስክሪኑን በአፍንጫው ይነካዋል።

ነገሩ ቢያስቅም ጥፋቱ የአባቱ አይደለም። ስልክን አሳንሶ እጅ ላይ ማሰር ቀላል መስሎ የታያቸው ንድፍ አውጪዎች አንድ ተራ ሒሳብ ዘንግተው ነበር። ስልክ በአንድ እጅ ተይዞ በዚያው እጅ አውራ ጣት ይነካል። ሰዓት የታሰረበት እጅ ግን የራሱን ሰዓት ሊነካ አይችልም፤ አንዱ እጅ ተሸካሚ፣ ሌላው ነኪ ይሆናል። ትንሹ ዕቃ ከትልቁ የበለጠ እጅ ፈለገ ማለት ነው። አፕል አውራ ጣትንና ጠቋሚ ጣትን ሁለት ጊዜ በማጋጨት ብቻ ሰዓቱን ማዘዝ የሚቻልበትን ዘዴ ለአጠቃላይ ገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ የመጀመሪያ ሰዓቱን ለገበያ ካቀረበ ከ8 ዓመት በኋላ። የሚገርመው፣ የዚህ ዘዴ ታላቅ ወንድም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የእጅ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ተብሎ ተሠርቶ ነበር። ሕፃን ያቀፈ ሰውም ለጊዜው እጅ የሌለው ሰው ነው፤ ይህን ማስተዋል ሁለት ዓመት ፈጀ።

በይነገጽ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን የስክሪን ላይ ሥዕል ነው፤ የቁልፎቹ ቀለም፣ የፊደሉ መጠን፣ የዝርዝሩ አደራደር። ቃሉ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሰውና ማሽን የሚገናኙበት፣ አንዱ ሌላውን የሚያዝበትና አንዱ ከሌላው የሚሰማበት ቦታ ሁሉ በይነገጽ ነው። የበር እጀታ በይነገጽ ነው፤ የመኪና መሪም እንዲሁ። ስክሪን የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ምዕራፉ ረጅምና የተሳካ ስለነበረ ግን መጽሐፉ ሁሉ መስሎን ቆይቷል።

ምዕራፉ የተከፈተበትን ቀን መጥቀስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዳግላስ ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ ከተሰበሰቡ ባለሙያዎች ፊት ማውስ ይዞ ተቀመጠና ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ እየጠቆመ ማዘዝ እንደሚቻል አሳየ። በ1973 የዜሮክስ የምርምር ማዕከል አልቶ የተባለውን ኮምፒውተር ሠራ፤ መስኮቶችና ጠቋሚ ቀስት ያሉት ነበር። በ1984 የአፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ይህንኑ ለሕዝብ አደረሰ። በ2007 የወጣው አይፎን ማውሱን አስወግዶ ጣትን ተካ። አርባ ዓመት ገደማ የፈጀ ለውጥ ነው፤ ሆኖም በዚህ ሁሉ ጊዜ በሰውና በማሽን መካከል የነበረው ያልተጻፈ ውል አልተለወጠም። ሰውየው ሌላ ሥራውን አቁሞ ስክሪኑን ያያል፤ ማሽኑም ባለበት ሆኖ ትእዛዝ ይጠብቃል።

የሚለበሱ መሣሪያዎችና ሮቦቶች ይህን ውል ከሁለቱም ወገን ያፈርሱታል። ሰዓት ያሰረ ሰው እየሮጠ፣ እየነዳ፣ ከሰው ጋር እያወራ ነው፤ ዓይኑም እጁም የሌላ ጉዳይ ናቸው። ሮቦት ደግሞ ትእዛዝ ጠባቂ ሆኖ አይቀመጥም፤ ይንቀሳቀሳል፣ ክብደት አለው፣ ሰው ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ መሣሪያዎች መልካቸው ባይመሳሰልም የንድፍ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ እያየው ካልሆነ ሰው ጋር ማሽን እንዴት ይግባባል?

ከእጅ አንጓ እንጀምር። ፖል ፊትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እንዳሳየው፣ እጃችን አንድ ዒላማ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በዒላማው ርቀትና ስፋት ይወሰናል። ሩቅና ጠባብ የሆነ ነገር ጊዜ ይፈጃል፤ ቅርብና ሰፊ የሆነ ነገር ወዲያው ይገኛል። ጉግል ለአንድሮይድ ንድፍ አውጪዎች አንድ የሚነካ ቁልፍ ከ9 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳያንስ ይመክራል፤ የጣት ጫፍ ከዚያ ያነሰውን አጥርቶ መምታት ይቸግረዋል። እንግዲህ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ቁመት ያለው ስክሪን እንውሰድ። በአንድ ረድፍ ሦስት፣ በአጠቃላይ ዘጠኝ ቁልፍ ቢይዝ ነው፤ ያውም አንድም ፊደል ሳይጻፍበት። ሰውየው እየሮጠ ከሆነ ክንዱም ጣቱም ይወዛወዛሉ፣ ዘጠኙ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይወርዳሉ። በ1977 ሂውሌት ፓካርድ የሒሳብ ማሽን ያለው የእጅ ሰዓት ሲሠራ ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ በሰዓቱ ማሰሪያ ላይ የሚሰካ ትንሽ መንኪያ ዘንግ ነበር። መልስ መሆኑ ነው፤ አንዲት ቁልፍ ለመምታት መጀመሪያ ዘንጉን ከማሰሪያው መንቀል።

ጣት ሌላም ጣጣ አለው፤ የሚነካውን ነገር ይሸፍነዋል። በትልቅ ስክሪን ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም፣ በሰዓት ላይ ግን ጣቱ ግማሹን ስክሪን ይጋርዳል። በ2015 አፕል በሰዓቱ ጎን ያለችውን ጥንታዊ መሙያ ዘውድ (የምትዞረውን ትንሽ ቁልፍ) ዝርዝር ማንሸራተቻ ያደረጋት፣ በዚያው ዓመት ሳምሰንግም የሰዓቱን ክብ ጠርዝ የሚሽከረከር ያደረገው ለዚህ ነው። ጣቱ ከስክሪኑ ውጭ ሆኖ ያዛል፣ ዓይን ሳይጋረድ ያያል። እንደ እኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ከታዩት ብልህ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው፤ አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ የሰው ጣት ለመቶ ዓመት የለመደውን ማዞር መልሶ መጠቀም።

ይሁንና የሰዓት ዋናው ቋንቋ ስክሪኑ አይደለም፣ ንዝረቱ ነው። ቆዳ ቋንቋ አለው፤ አንድ ጊዜ መንካትና ሁለት ጊዜ መንካት ይለያል፣ ቀስ ብሎ የሚጨምርና ድንገት የሚመታ ይለያል። መንገድ ላይ ያለ ሰው ወደ ቀኝ ለመታጠፍ አንድ ዓይነት፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ ሌላ ዓይነት ንዝረት ቢሰማው ዓይኑን ከመንገዱ ማንሳት አያስፈልገውም። ችግሩ መዝገበ ቃላቱ ጠባብ መሆኑ ነው። ሰው በሥራ መካከል ለይቶ ማወቅ የሚችላቸው ንዝረቶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ንድፍ አውጪው እያንዳንዷን ንዝረት እንደ ውድ ገንዘብ መቁጠር አለበት። ይህን የሚያደርጉት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኔ ራሴ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ላይ ታጥሬ ሳለሁ “ተነሥተው ይንቀሳቀሱ” እያለ የሚነዘንዘኝ ሰዓት ነበረኝ። ምክሩ ስሕተት አልነበረም፤ ጊዜውና ቦታው ግን አልነበረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ንዝረቱን ሁሉ፣ የሚረባውንም የማይረባውንም፣ በአንድነት አጠፋሁት። በሆስፒታሎች ውስጥ ይህ ነገር ስም አለው፤ የማንቂያ ድምፅ መሰልቸት ይባላል። በየደቂቃው ያለ ምክንያት የሚጮኹ ማሽኖች ነርሶችን እውነተኛውን ጩኸት እንዳይሰሙ ያደርጓቸዋል።

ዝምታንና ጩኸትን በትክክል የመጠነ ንድፍ ምን ይመስላል ለሚል፣ በ2018 በአፕል ሰዓት ላይ የመጣውን የመውደቅ ማወቂያ በደንብ መመልከት ይጠቅማል። የእንቅስቃሴ ዳሳሾቹ፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚለኩት ክፍሎቹ፣ ከባድ አወዳደቅ የሚመስል ነገር ሲያዩ ሰዓቱ ወዲያው አምቡላንስ አይጠራም። መጀመሪያ አንጓን ይመታል፣ ይጮኻል፣ ደኅና መሆንህን ይጠይቃል። ሰውየው “ደኅና ነኝ” ካለ ነገሩ ያበቃል። ከተንቀሳቀሰም ሰዓቱ መልስ ይጠብቃል። ለ1 ደቂቃ ያህል ፍጹም ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ወደ አደጋ ጊዜ አገልግሎት ይደውላል። እዚህ ላይ የተደረገውን ልብ እንበል። ማሽኑ እርግጠኛ እንዳልሆነ ያውቃል፣ ጥርጣሬውንም አይደብቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝምታን እንደ መልስ ቆጠረ፤ ራሱን የሳተ ሰው ቁልፍ ሊነካ አይችልምና መልስ አለመስጠቱ ራሱ መልስ ሆነ።

በ2022 በስልክና በሰዓት ላይ የመጣው የመኪና ግጭት ማወቂያ ያጋጠመው ደግሞ የተገላቢጦሽ ትምህርት ነው። በመዝናኛ ስፍራ የሚወነጨፉ ባቡሮች ላይ የተሳፈሩና በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ሳያውቁት መሣሪያዎቻቸው የአደጋ ጊዜ ስልክ መደወል ጀመሩ። የኪስ ንዝረት በጩኸትና በነፋስ መካከል አይሰማም፤ ዝምታ መልስ ነው የሚለው ብልህ ሐሳብም ወደ ስሕተት ተቀየረ። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ የመሣሪያው ባለቤት ሳይሆን ስልኩን የሚያነሳው የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ ነበር። ያ ሠራተኛ መሣሪያውን አልገዛውም፣ የአጠቃቀም መመሪያውንም አላነበበም፤ ሆኖም ከበይነገጹ ማዶ ያለው ሰው እሱ ነው። ወደዚህ ነጥብ ተመልሰን እንመጣለን።

ስለ ዳሳሾች ካነሣን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የእጅ ሰዓት የልብ ምትን የሚቆጥረው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ አብርቶ፣ በደም ዝውውር ምክንያት የሚመለሰው ብርሃን ከፍ ዝቅ ማለቱን በማየት ነው። ማሰሪያው ከላላ፣ ክንዱ ከተወዛወዘ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘ ወይም ንቅሳት ካለበት ንባቡ ይዛባል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን “72” የሚል ንጹሕ ቁጥር ነው፤ ጥሩ ንባብም ሆነ ግምት ፊደሉ ያው፣ ቀለሙም ያው። በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ በጣት ላይ የሚደረገውና እንዲሁ በብርሃን የሚሠራው የደም ኦክስጅን መለኪያ ጥቁር ሕሙማን ላይ የተደበቀ የኦክስጅን እጥረትን ሳያሳይ የሚያልፍበት ድግግሞሽ ከነጭ ሕሙማን ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የዳሳሽ ጉድለት ነው፤ ጥርጣሬ የሚገባውን ቁጥር እንደ እርግጠኛ አድርጎ ማሳየት ግን የበይነገጽ ጉድለት ነው። ቁጥሩን ማደብዘዝ፣ “ማሰሪያውን ያጥብቁና እንደገና ይለኩ” ማለት፣ ወይም ቁጥር አለማሳየት ይቻል ነበር። አምራቾች ይህን የማይወዱት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚጠራጠር ማሽን በማስታወቂያ አያምርም።

ድምፅስ? እጅም ዓይንም ካልተገኘ አፍና ጆሮ አሉ የሚለው ሐሳብ ከሩቅ ሲያዩት ፍቱን ይመስላል። ነገር ግን በ10 ቋንቋዎች ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በንግግር ተራ ስንቀባበል በመካከል ያለው ክፍተት በአማካይ ከ1 ሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ጥያቄውን ወደ ሩቅ ኮምፒውተር ልኮ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የሚመልስ ማሽን ለጆሯችን ደንቆሮ ወይም ያኮረፈ ይመስላል። ከዚያም በላይ ድምፅ ሲነገር ያልፋል። የስክሪን ዝርዝርን በዓይን ቃኝቶ የሚፈልጉትን መምረጥ ይቻላል፤ በጆሮ የሚሰማ ዝርዝር ግን አራተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ተረስቷል። ድምፅ ለአጭር ትእዛዝ ግሩም ነው፤ ለምርጫ ግን ደካማ።

በዓይን ማዘዝ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ሮበርት ጄኮብ የተባለ ተመራማሪ በ1990 አካባቢ የዓይን እንቅስቃሴን ተከትሎ የሚሠራ ኮምፒውተር ሲሞክር ያገኘውን ችግር በንጉሥ ሚዳስ ስም ጠራው። በግሪኮች ተረት ሚዳስ የነካው ሁሉ ወርቅ እንዲሆንለት ተመኝቶ ምግቡም ወርቅ ሆኖበት በረሃብ ሊሞት ደረሰ። ዓይን ማዘዣ ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ያየነው ሁሉ ይከፈታል። ዓይን የተፈጠረው ለማየት ነው፤ ሳይፈልግም ያያል። ስለዚህ ለመምረጥ አንድ ሌላ ምልክት ያስፈልጋል። በ2024 የወጣው የአፕል ቪዥን ፕሮ መነጽር ሥራውን ለሁለት ከፈለው፤ ዓይን ይጠቁማል፣ ሁለት ጣቶች ተነካክተው ያጸድቃሉ። ጣቶቹ ፊት ለፊት መዘርጋት የለባቸውም፤ እጅ ጭን ላይ እንዳረፈ ይበቃል። ይህ ትንሽ የምትመስል ዝርዝር የአሥርተ ዓመታት ስሕተት ታርማለች። አየር ላይ እጅን ዘርግቶ ማዘዝ ሲታይ ያምራል፣ ሲሠሩት ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትከሻ ይዝላል። ባለሙያዎቹ ይህን ድካም ከቆዩ የንክኪ ስክሪኖች ዘመን ጀምሮ “የጎሪላ ክንድ” ይሉታል።

ይህን ሁሉ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሰብስቦ ለመፍታት የሞከረው ሂዩሜን የተባለው ኩባንያ ነበር። በ2024 በ699 ዶላር ለገበያ ያቀረበው የደረት ላይ መሣሪያ ስክሪን አልነበረውም። በድምፅ ይጠየቃል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይመልሳል፣ ጽሑፍ ማሳየት ሲያስፈልገው በሌዘር ብርሃን መዳፍ ላይ ያሳያል፣ ሰውየው መዳፉን እያዘነበለ ይመርጣል። ሐሳቡ ደፋር ነበር። የፀሐይ ብርሃን ላይ ግን የመዳፉ ጽሑፍ አይነበብም፣ የድምፁ መልስም ይዘገያል። በፌብሩዋሪ 2025 ኤች ፒ የኩባንያውን ንብረት በ116 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ መሣሪያዎቹ ሥራ አቆሙ። ብዙዎች ጥፋቱን በሰው ሠራሽ አስተውሎቱ አላከኩ፤ ለእኔ ግን ሰዓት ለማየት እንኳ መዳፍ መዘርጋት የሚያስፈልገው ዕቃ “እጅህን ነፃ አወጣሁልህ” ማለቱ ነው ዋናው ተቃርኖ።

የጉግል ግላስ መነጽር አወዳደቅ ከዚህ ይለያል። በ2013 በ1,500 ዶላር ለተመረጡ ሰዎች ሲሸጥ ለለበሰው ሰው ብዙ ነገር አመቻችቶለት ነበር፤ ችግሩ የመጣው ካልለበሰው ወገን ነው። ከፊቱ የቆመ ሰው መነጽሩ እየቀረጸው ይሁን አይሁን የሚያውቅበት ግልጽ መንገድ አልነበረውም። ስልክ አንሥቶ ፎቶ የሚያነሣ ሰው በአኳኋኑ ብቻ ነገሩን ያስታውቃል፤ መነጽር ግን ሁልጊዜ አኳኋኑ አንድ ነው። የሕዝብ ሽያጩ በጃንዋሪ 2015 ቆመ። መነጽሩ በ2017 ተመልሶ የመጣው ወደ ፋብሪካ ነው፤ ሁለት እጃቸው በዕቃ መገጣጠም ለተያዘ ሠራተኞች፣ መነጽሩ የሥራ መሣሪያ መሆኑን ሁሉም በሚያውቅበት ቦታ። እዚያም እስከ 2023 ቆየ።

ከአደጋ ጊዜ ስልክ ተቀባዩ ጋር የጀመርነው ነጥብ እዚህ ይጠናቀቃል፦ የእነዚህ መሣሪያዎች ተጠቃሚ የገዛቸው ሰው ብቻ አይደለም። ወደ ሮቦት ስንመጣ ይህ እውነት ጎልቶ ይወጣል። በመጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጎትት ሮቦት ያዘዘው አንድ ሰው ነው፤ አብረውት ኮሪደር የሚጋሩት ግን አርባ ሊሆኑ ይችላሉ። አርባዎቹም አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ቀጥሎ ወዴት ነው የሚሄደው?

ሰው ለሰው ይህን የሚናገረው ሳያስበው ነው። ከመታጠፉ በፊት ዓይኑ ይታጠፋል፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እግሩ። ነገር በዓይን ይገባል እንደሚባለው፣ አፍ ሳይከፈት መልእክቱ ይደርሳል። ሮቦት ግን ለሒሳቡ አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ አጭር መንገድ ደግሞ ዝምተኛ ነው። አንካ ድራጋን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2013 ያሳየችው ልዩነት ይህን ያስረዳል። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጠርሙሶች ተጠጋግተው ቆመዋል እንበል። የሮቦቱ ክንድ በቀጥታ ወደ ቀኙ ቢሄድ፣ የሚያየው ሰው የትኛውን ሊያነሣ እንደሆነ የሚያውቀው ክንዱ ሊደርስ ሲል ነው። ከመነሻው ወደ ቀኝ ትንሽ አጋንኖ ቢዞር ግን ዓላማው ገና በመንገዱ አጋማሽ ይታወቃል። ለሞተሩ ብክነት የሆነው ዙሪያ ጥምጥም አጠገቡ ለቆመው ሰው ንግግር ነው። ይህ ሐሳብ ብዙ መሐንዲሶችን ያስከፋል፤ ሆን ብሎ ረጅሙን መንገድ መሄድ በትምህርት ቤት የተማሩት አይደለምና።

በ2012 ሪቲንክ ሮቦቲክስ ለፋብሪካ የሠራው ባክስተር የተባለ ባለ ሁለት ክንድ ሮቦት ተመሳሳዩን መልእክት በዓይን አስተላለፈ። ራሱ ላይ ባለው ስክሪን የተሣሉት ዓይኖች ክንዱ ከመነሣቱ በፊት ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይመለከቱ ነበር። ዓይኖቹ የሚያዩት ነገር የለም፤ የተሣሉት ሊታዩ ነው። ሥራ የሚማረውም በኮድ ሳይሆን ሠራተኛው አንጓውን ይዞ እየመራው ነበር። ኩባንያው በ2018 ቢዘጋም ሁለቱ ሐሳቦች ከእሱ በኋላ በሌሎች ሮቦቶች ላይ ይታያሉ።

ሊላ ታካያማና ባልደረቦቿ ደግሞ በ2011 ከአንድ የአኒሜሽን ባለሙያ ጋር ሆነው የሮቦት ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች አዘጋጁ። ሮቦቱ በር ለመክፈት ይሞክራል፣ ያቅተዋል። በአንዱ ሥዕል ዝም ብሎ ይቆማል፤ በሌላው ባለመሳካቱ ያዘነ መስሎ ይታያል። ተመልካቾች ያዘነውን ሮቦት ይበልጥ ብልህ ነው አሉት፤ ሁለቱም በሩን አልከፈቱም። ይህ ግኝት ጥቅሙም አደጋውም እኩል ይታየኛል። ውድቀቱን የሚያሳውቅ ማሽን መልካም ነው፤ ከሚችለው በላይ ብልህ መስሎ መታየት ግን ዕዳ ነው። ፊት ያለው ሮቦት ንግግር ይገባዋል ብለን እንጠብቃለን፤ እጅ ያለው ሁሉን ያነሣል ብለን። ማሳሂሮ ሞሪ በ1970 የጻፈው “የሥጋት ሸለቆ” ሐሳብ የሚነሣው ከዚሁ ጋር ነው፤ ሮቦት ሰው እየመሰለ ሲሄድ እንወደዋለን፣ ሰው ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ግን ድንገት እንሸሸዋለን። ሸለቆው ስለ መልክ ነው የተወራለት፤ እኔ ግን ከመልኩ ይልቅ ያልተፈጸመ ተስፋው ይመስለኛል የሚያሸሸን።

ያለ ሹፌር የሚሄዱ መኪኖች በዚህ ረገድ የሁሉም ሰው ቤተ ሙከራ ሆነዋል። በዲሴምበር 2023 መርሴዲስ ቤንዝ መኪናው ራሱን እየነዳ መሆኑን ለውጭ ሰው የሚያሳይ ፈዛዛ ሰማያዊ አረንጓዴ መብራት ለመጠቀም ከካሊፎርኒያና ከኔቫዳ ፈቃድ አግኝቷል። ቀለሙ የተመረጠው ከፍሬን ቀይም ሆነ ከሌላ የመንገድ መብራት ጋር እንዳይምታታ ነው። እግረኛው ግን መብራት ያያል ወይ? በ2015 አካባቢ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሙከራ መልስ ለመፈለግ የሄደበት መንገድ አስቂኝ ነው። ተመራማሪዎቹ ሹፌሩን የወንበር ቅርጽ ያለው ልብስ አልብሰው ደበቁት፤ መኪናው ባዶውን የሚሄድ መሰለ። ብዙዎቹ እግረኞች ቢገረሙም መንገዱን እንደ ወትሮው ተሻገሩ። የመኪናው ፍጥነት መቀነስና መቆም ከሹፌር ፊት ይልቅ ይናገር ነበር።

ይህ የሙከራ ስልት ታሪክ አለው። ያልተሠራ ማሽንን እንዴት ይሞክሩታል? ከመጋረጃ ጀርባ ሰው አስቀምጦ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ንግግር የሚገባው ኮምፒውተር ሳይኖር ተመራማሪ በሌላ ክፍል ሆኖ እየተየበ ኮምፒውተር መስሎ ሲመልስ፣ ተጠቃሚዎች ከማሽን ጋር እንዴት እንደሚያወሩ ተጠንቷል። ጄፍ ሃውኪንስ ደግሞ በ1990ዎቹ ፓልም ፓይለት የተባለውን የኪስ ኮምፒውተር ከመሥራቱ በፊት በዚያ መጠን የተቆረጠ እንጨት በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ቀጠሮ ሲያዝ እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ይመስላል። ለሚለበስ መሣሪያ ከዚህ የረከሰና የሚረባ ሙከራ አላውቅም። ካርቶን ቆርጦ አንድ ሳምንት አንጓ ላይ ማሰር የስክሪን ሥዕል በኮምፒውተር ከማሳመር ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

ማሽን ስለ ራሱ የሚናገረው እውነት መሆን አለበት የሚለው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ቀላል አይደለም። በማርች 28 ቀን 1979 በፔንሲልቬንያ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ አንድ ቫልቭ እንደተከፈተ ቀረ፤ የማቀዝቀዣው ውኃም መፍሰሱን ቀጠለ። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለችው መብራት ግን ጠፍታ ነበር፤ ሠራተኞቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቷ የተገናኘችው ከቫልቩ ጋር ሳይሆን ከትእዛዙ ጋር ነበር። “ዝጋ” መባሉን ተናገረች፣ መዘጋቱን ግን አታውቅም። ዛሬም የሮቦት ስክሪኖች “ዕቃው ተነሥቷል” ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ጣቶቹ እንዲጨብጡ መታዘዛቸውን ነው፤ ጣቶቹ አየር ጨብጠው ሊሆን ይችላል።

ከሰው ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ ሰው ሥራ የሚሻገርበት ጊዜ ከሁሉ ይከብዳል። ሊዛን ቤይንብሪጅ በ1983 እንደጻፈችው፣ ማሽን ቀላሉን ሥራ ሁሉ ወስዶ ሰውን ለክፉ ቀን ብቻ ካስቀረው፣ ያ ሰው ክፉው ቀን ሲመጣ እጁ ፈትቶ ያገኘዋል። ለዚህ ነው ሮቦት ባለበት ፋብሪካ ሁሉ በቢጫ መደብ ላይ የተሰካ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ የሚኖረው፤ በጡጫ የሚመታ፣ ማሰብ የማይጠይቅ። ስንት ብልህ ስክሪን በመጣበት ዘመን እጅግ የሚታመነው በይነገጽ አሁንም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ በአንዲት ቅጽበት ውስጥ ማየት ለሚፈልግ፣ ሮቦት ለሰው ዕቃ ሲያቀብል ይመልከት። ሰው ለሰው ብርጭቆ ሲያቀብል ሰጪው ጣቶቹን የሚያላላው ተቀባዩ መያዝ ሲጀምር በሚሰማው የክብደት ለውጥ ነው፤ የአንዱ ጭብጥ በጨመረ ቁጥር የሌላው ይቀንሳል፣ ቃልም አይነገርም። ሮቦት በሰዓት ቆጥሮ ከለቀቀ ብርጭቆው ይወድቃል፤ እስኪጎተት ድረስ ከያዘ ደግሞ ትግል ይሆናል። ጣቶቹ ላይ የኃይል ዳሳሽ የተገጠመላቸውና ክብደቱ ሲቀልላቸው ቀስ በቀስ የሚለቁ ሮቦቶች ተሠርተዋል። ዳሳሽ ውድ ነው ብሎ በደረቱ ስክሪን ላይ “ዕቃውን ያዙት? አዎ / አይ” የሚል ጥያቄ የሚያስቀምጥ ንድፍ አውጪም ይኖር ይሆናል። የተቀባዩ ሁለት እጆች በዚያ ሰዓት ብርጭቆው ላይ ናቸው፤ “አዎ” ለማለት የቀረው አፍንጫው ብቻ ነው።